ቤት የነበረው መጠጥ ቤት፦ የእንግሊዝ የገጠር ፐብ አሠራር

ክቡራትና ክቡራን፤

ወደ እንግሊዝ ገጠር የሚሄድ እንግዳ መጠጥ ቤት በገባ ቁጥር ፎቶግራፍ የሚያነሣው አንድ ነገር አለ፤ ከራሱ በላይ ዝቅ ብሎ የተጋደመውን፣ የጠቆረውንና የጠመመውን የኦክ እንጨት። እኔም የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሳለሁ ከዚያ እንጨት ሌላ የሚታየኝ አልነበረም። ዛሬ ግን ዐይናችሁን ከጣሪያው አውርዳችሁ በግድግዳውና በበሩ ላይ እንድታሳርፉ እጠይቃችኋለሁ። እንግሊዞች ፐብ የሚሉት የገጠር መጠጥ ቤት አብዛኛውን ጊዜ መጠጥ ቤት እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ሕንፃ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ነበር። ከቤቱ አንዱ ክፍል ለጎረቤት ተከፈተ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ሁለተኛው ተከተለ፣ ባለቤቶቹ ደግሞ እየተገፉ ወደ ጓዳና ወደ ፎቅ ወጡ። ይህን አካሄድ የሚያሳየን የክፍሎቹ አቀማመጥ ነው፤ ማን በየት በኩል ይገባ እንደነበረ፣ መጠጡ ከየት ይቀዳ እንደነበረ፣ እሳቱ የት ይነድ እንደነበረ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላሳስብ።

በድሮው እንግሊዝ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ሦስት ዓይነት ነበር። ኢን የሚባለው መንገደኛ ከነፈረሱ የሚያድርበት ማረፊያ ነው፤ ታቨርን የወይን ጠጅ ቤት ሲሆን በከተማና በባለጸጎች ዘንድ የተወሰነ ነበር፤ ኤልሃውስ የተባለው ደግሞ ከገብስ ብቅል የተጠመቀ ኤል የሚሸጥበት ተራ ቤት ነው። በ1577 መንግሥት ግብር ሊጥልባቸው አስቦ በተወሰኑ አውራጃዎች ባስቆጠራቸው ጊዜ የኤል ቤቶቹ ከ14,000 በላይ፣ ማረፊያዎቹ 1,600 ያህል፣ የወይን ቤቶቹ ደግሞ 300 ያህል ሆነው ተገኙ። ቁጥሩን ያመጣሁት ስለ አንድ ነገር ነው። በፖስታ ካርድ ላይ የምናየው ባለ ሰፊ ግቢ፣ ባለ ፈረስ ጋጣ ማረፊያ ያኔም ቢሆን ከብዙው ጥቂቱ ነበር። ብዙው መጠጥ ቤት የአንዲት ጠማቂ ሴት ቤት ነበር።

የኤል ጠመቃ ለረጅም ዘመን የሴቶች የቤት ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ኤሉ በዚያ ዘመን ጌሾን የመሰለ መራራ ቅጠል ስላልነበረው በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላሻል፤ ስለዚህ ባለቤቲቱ ለቤተሰቧ ጠምቃ የተረፈውን ለጎረቤት ትሸጣለች፤ ሲያልቅ ቤቷ ተመልሶ መኖሪያ ይሆናል። መጠጡ መድረሱን የምታስታውቀው ረጅም እንጨት ከደጇ ላይ አውጥታ፣ ጫፉ ላይ የቅጠል እስር ወይም መጥረጊያ በማንጠልጠል ነበር። አጥር ላይ በእንጨት የተደፋ ጣሳ አይተን ጠላ መኖሩን ስናውቅ ላደግን ሰዎች ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ለሽያጭ የሚጠምቅ ሁሉ ምልክት እንዲያወጣ፣ ያላወጣ ኤሉን እንዲወረስ አዘዘ፤ የመጠጥ ጥራት ተቆጣጣሪው የትኛውን ደጅ ማንኳኳት እንዳለበት ማወቅ ነበረበትና። ዛሬ በየፐቡ ደጃፍ የሚወዛወዘው ባለ ቀለም ታፔላ የዚያ እንጨት የልጅ ልጅ ነው። በ1552 ደግሞ ኤል የሚሸጥ ሰው ከአካባቢው ዳኞች ፈቃድ እንዲያወጣ ሕግ ወጣ። ልብ በሉ፤ እስካሁን ስለ ቤቱ ቅርጽ የሚናገር ነገር የለም። ሕጉም ምልክቱም የሚመለከቱት ሰውየውንና መጠጡን ነው፤ ቤቱ እንደማንኛውም የመንደር ቤት ነበር።

ከኢኖቹ አንዱን ብቻ ጠቅሼ ልለፍ። በሱመርሴት አውራጃ ኖርተን ሴንት ፊሊፕ በምትባል መንደር ጆርጅ ኢን የተባለ እጅግ ያረጀ ማረፊያ አለ። ስሙ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ሰማዕቱ ለመጠጥ ስም መዋሉ በእኛ ቢራ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ እናያለን። ሕንፃው በአቅራቢያው የነበረው የሂንተን ገዳም ንብረት ነበር። መንደሪቱ የሱፍና የጨርቅ ገበያ ይቆምባት ስለነበር ቤቱ የነጋዴ ማረፊያም የሱፍ መጋዘንም ሆኖ አገልግሏል። ምድሩ በድንጋይ የተገነባ ሲሆን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጨመሩት ሁለት ፎቆች በእንጨት የተዋቀሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ፎቅ ከበታቹ አልፎ ወደ መንገዱ ወጣ ብሏል። በጓሮ በኩል ባለ ስምንት ማዕዘን የደረጃ ግንብና ወደ ግቢው የሚመለከት የእንጨት ሰገነት አለው። ገዳሙ በ1539 በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ሲዘጋ ማረፊያው ግን ቀረ። ማስታወሻ በመጻፍ የታወቀው ሳሙኤል ፔፒስ በጁን 1668 በዚህች መንደር አልፎ ደኅና ምሳ በልቶ 10 ሺሊንግ መክፈሉን ጽፏል፤ በ1685 ደግሞ በንጉሡ ላይ ያመፀው የሞንማውዝ መስፍን ከሽንፈቱ ቀደም ብሎ ጦሩን ይዞ እዚሁ ሰፍሯል። ይህ ከመጀመሪያው ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ ሕንፃ ነው፤ ሰፊ በር፣ ግቢ፣ ሰገነት፣ በረድፍ የተሰለፉ ክፍሎች አሉት። ውበቱን አልክድም። ነገር ግን ብዙውን ፐብ የሚያስረዳን እርሱ አይደለም።

የሚያስረዳን በዉስተርሻየር አውራጃ፣ ከኢቭሻም ከተማ አቅራቢያ በብሬትፎርተን መንደር የሚገኘው ፍሊስ ኢን ነው። ፍሊስ ማለት ከነሱፉ የተገፈፈ የበግ ለምድ ማለት ነው። ስሙ ኢን ይበል እንጂ ለብዙ መቶ ዓመት የአንድ ገበሬ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ሲሠራ እንግሊዞች ረጅም ቤት የሚሉት ዓይነት ነበር፤ በአንድ ክዳን ሥር፣ በአንደኛው ጫፍ ሰው በሌላኛው ጫፍ ከብት የሚያድርበት። የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ማሞቁን፣ ሌሊት በጎች ሲረበሹ ባለቤቱ ሳይወጣ መስማቱን የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለው ቤት የሚዋቀረው ከኦክ እንጨት ነው። አናጢው ዛፉ ተቆርጦ ብዙም ሳይቆይ፣ ገና እርጥብ እያለ ይጠርበዋል፤ ኦክ ከደረቀ በኋላ መሣሪያ የሚያደንዝ ጠንካራ ይሆናልና። ማዕቀፉን በመጀመሪያ መሬት ላይ አጋድሞ ያገጣጥመዋል። የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ይቀረጻል፣ በሌላው ላይ ልኩ ጉድጓድ ይፈለፈላል፣ ከዚያ ሁለቱ በኦክ ችካል ይቸነከራሉ። የችካሉ ቀዳዳዎች ሆን ተብለው በትንሹ እንዲዛነፉ ይደረጋል፤ ችካሉ ሲመታ መጋጠሚያውን ስቦ ያጠብቀዋል። ብረት የለም። እያንዳንዱ እንጨት የሮማን ቁጥር የሚመስል ምልክት ይቆረጥበታል፤ ማዕቀፉ ተፈታትቶ በጋሪ ወደ ቦታው ሲሄድ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የሚታወቀው በዚያ ነው። እነዚህ ምልክቶች ዛሬም በብዙ ፐብ ምሰሶዎች ላይ ይታያሉ፤ የሚፈልጋቸው ሰው ግን ጥቂት ነው።

በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲሞላ ለእኛ እንግዳ የሚሆን ነገር የለውም። የተሰነጠቀ እንጨት ይቆማል፣ ቀጫጭን አርጩሜ እንደ ማገር ይጠላለፍበታል፣ ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ በሁለቱም ወገን ይመረግበታል፣ በመጨረሻ ኖራ ይቀባል። እርጥቡ ኦክ ግን በግድግዳው ውስጥ ሆኖ ለዓመታት መድረቁን ይቀጥላል። ሲደርቅም ይኮማተራል፣ ይጠመዘዛል፣ ወለሉን ያዘነብላል። የፐቡ መጥመም የእርጅና ምልክት ብቻ ይመስለናል፤ አብዛኛው መጥመም የደረሰው ግን ቤቱ ገና ወጣት ሳለ ነው። እርጥብ እንጨት መጠቀማቸው ለእኛ ለኋለኞቹም አንድ በጎ ነገር ትቷል፦ እንጨቱ በተቆረጠ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለሥራ ስለዋለ፣ የዛፉን የዕድሜ ቀለበቶች ቆጥሮ የተቆረጠበትን ዓመት የሚያውቅ ባለሙያ የቤቱንም የልደት ዓመት ለማለት በሚያስደፍር ቅርበት ይነግረናል።

ስለ እንጨት ሳነሣ ሁለት የተለመዱ ተረቶችን ላውጣ። የመጀመሪያው እንጨቶቹ ከተፈታ የጦር መርከብ የመጡ ናቸው የሚለው ነው። ከባሕር እጅግ በራቁ መንደሮች ሳይቀር አስተናጋጆቹ ይህን ይነግሯችኋል። ባዶ ጉድጓድ የተፈለፈለበት እንጨት ሲያዩ ከመርከብ ተነቅሎ ነው ይላሉ፤ ያ ጉድጓድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቤት ውስጥ የፈረሰ ግድግዳ ምሰሶ የቆመበት ቦታ ነው። ይህን አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ የሆነው መልክ ጥንታዊ ነው የሚለው ነው። የጥንቱ ሰው ኦክን ብዙ ጊዜ ሳይቀባ ይተወው ነበር፤ በፀሐይና በዝናብ ግራጫ ይሆናል፤ ወይም ከግድግዳው ጋር አብሮ ኖራ ይቀባዋል። በየቦታው በጥቁር ቀለም ወይም በሬንጅ ማጥቆር የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ወደ ቤቱ ውስጥ እንግባ። የመካከለኛው ዘመን ቤት ልብ አዳራሹ ነበር፤ ፎቅ የሌለው፣ እስከ ክዳኑ ክፍት የሆነ አንድ ትልቅ ክፍል። እሳቱ በወለሉ መካከል ይነድዳል፣ ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ቀዳዳና በሣሩ መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ መስኮቱ መስተዋት የለውም፣ የእንጨት መዝጊያ ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ወደ ጣሪያው ሥር በመሰላል ወጥቶ ወራጆቹ በጥላሸት ጠቁረው ካገኛቸው፣ ከታች ያለው ክፍል አንድ ጊዜ ክፍት አዳራሽ እንደነበረ ያለ ጥርጥር ይናገራል። ከአዳራሹ ታችኛ ጫፍ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት በሮች ያሉት መተላለፊያ አለ፤ ከመተላለፊያው ወዲያ ሁለት ትናንሽ ክፍሎች ይገኛሉ። አንደኛው የእንጀራ ጓዳ ነው፤ ሁለተኛው የበርሜል ጓዳ። በእንግሊዝኛ የዚህኛው ስም ቅቤን የሚያመለክት ቃል ይመስላል፤ ምንጩ ግን በርሜል የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። እንግዲህ መጠጥ ቤት ከመሆኑ ከብዙ ዘመን በፊት ቤቱ የመጠጥ ክፍል ነበረው፤ ያም ክፍል ከመግቢያው በር አጠገብ ነበር። ባለቤቱ አንድ ቀን ኤል ልሽጥ ቢል ምንም መገንባት አያስፈልገውም ነበር።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ጭስ ማውጫ በገበሬው ቤት ሳይቀር መሠራት ጀመረ፤ የፐቡን መልክ ከማንኛውም ነገር ይልቅ የለወጠው ይህ ነው። ጭሱ በጡብ ወይም በድንጋይ ቱቦ ሲታሰር አዳራሹ ከፍታውን መያዝ አላስፈለገውም፤ መሃሉ ላይ ወለል ተዘርግቶ ሁለት ፎቅ ሆነ። ዛሬ ግንባራችንን የሚመታን አግዳሚ የዚያን ወለል ክብደት የሚሸከመው ነው። የጥንት ሰው አጭር ስለነበረ ነው የሚባለው አያሳምንም፤ የቁመት ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ወለሉ ዝቅ ያለው ቀድሞ በቆመ ቤት ውስጥ ሁለት ፎቅ ማብቃቃት ስላስፈለገና ዝቅ ያለ ክፍል በጥቂት ማገዶ ስለሚሞቅ ነው። ቤቱ ባለጸጋ ከሆነ የአግዳሚው ጠርዝ በሚያምር ሁኔታ ተፈቅፍቆ ጫፉ ላይ ቅርጽ ይወጣለታል። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የቢራ ፋብሪካዎች በየአውራ ጎዳናው ዳር ያረጁ እንዲመስሉ አድርገው በሠሯቸው አዳዲስ ፐቦች ውስጥ የተለጠፈው ቀጭን ጣውላ ግን ምንም የሚሸከመው ነገር የለም፤ እጃችሁን ብታሳርፉበት ትለዩታላችሁ።

ምድጃው ራሱ ክፍል ያህላል። በላዩ ወፍራም የኦክ አግዳሚ ተጋድሞ የጭስ ማውጫውን ግድግዳ ይሸከማል፤ በውስጡ፣ ከእሳቱ ግራና ቀኝ፣ ሰው የሚቀመጥበት መደብ አለ። በክረምት ከበሩ የሚገባው ንፋስ ወለል ለወለል ወደ እሳቱ ስለሚሳብ፣ ከምድጃው ፊት ጀርባው እስከ ራስ በላይ የሚደርስ ረጅም የእንጨት መቀመጫ ይቀመጣል። ጌጥ ይመስላል እንጂ የንፋስ ግድግዳ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ግድግዳ። በፍሊስ ምድጃዎች ፊት ደግሞ ወለሉ ላይ በነጭ የተሣሉ ክቦች አሉ። የአካባቢው ሰው ጠንቋይ በጭስ ማውጫው ወርዳ እንዳትገባ የሚያግዱ ናቸው ይላል፤ ክቡ እየደበዘዘ ሲሄድ እንደገና ይሣላል። ጭስ ማውጫ ሙቀት ያመጣውን ያህል ሌሊት የማይዘጋ ቀዳዳም አመጣ፤ ሰዎቹ ለቀዳዳው መዝጊያ ማበጀታቸው አያስደንቅም።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ከመጠጡ መጣ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከባሕር ማዶ ከአውሮጳ የመጣው ሆፕ የተባለ መራራ ተክል በእንግሊዝ ተስፋፋ፤ ሆፕ የገባበት መጠጥ ቢራ ተባለ። ቢራ እንደ ኤል ቶሎ አይበላሽም። ስለዚህ በብዛት ተጠምቆ፣ ተጓጉዞ፣ ተከማችቶ ሊሸጥ ቻለ፤ የተከማቸ ነገር ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። በበርሜል ውስጥ ሆኖ መፍላቱን የሚቀጥለው የእንግሊዝ ቢራ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ፣ ሳይነቃነቅ፣ አተላው እስኪዘቅጥ መተኛት አለበት። አንድ ሙሉ በርሜል 36 ጋሎን፣ ማለትም 164 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህን ክብደት በደረጃ ተሸክሞ መውረድ አይቻልም። በዚህ ምክንያት ምድር ቤት ተቆፈረ፤ መቆፈር ባልተቻለበት በሰሜን በኩል ፀሐይ የማያገኘው ክፍል ለበርሜል ተለቀቀ፤ ከመንገዱ ዳር መዝጊያ ያለው ጉድጓድ ተከፍቶ በርሜሉ በሁለት ዘንግ ላይ በገመድ እየተያዘ እንዲንሸራተት ተደረገ። በአንድ መንደር ቆማችሁ የትኛው ቤት ድሮ ፐብ እንደነበረ ለማወቅ ብትፈልጉ ታፔላውን አትፈልጉ፤ እርሱ ይነቀላል። በእግራችሁ ሥር ያለውን ያንን ባለ ሁለት ክንፍ መዝጊያ ፈልጉ።

አሁን ወደ ፍሊስ ልመለስ። በ1830 የወጣው የቢራ ሕግ ማንኛውም ግብር ከፋይ ባለ ቤት 2 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ከፍሎ፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ፣ በቤቱ ቢራ ጠምቆ እንዲሸጥ ፈቀደ። የመንግሥት ሐሳብ ሕዝቡን ጂን ከተባለው ጠንካራ የአልኮል መጠጥ አርቆ ወደ ቢራ መመለስና የትልልቅ ጠማቂዎችን ሞኖፖል መስበር ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ ከ40,000 በላይ የቢራ ቤቶች ተከፈቱ፤ እስከ 1869 ድረስም ዳኞቹ በእነዚህ ላይ ሥልጣን አልነበራቸውም። ይህ ሁሉ ቤት አዲስ አልተገነባም። ገበሬው፣ አንጥረኛው፣ ጫማ ሰፊው የፊት ክፍሉን ጠርጎ ወንበር ደረደረ። የብሬትፎርተኑም ቤተሰብ በ1848 ያንኑ አደረገ፤ ከቅድመ አያቶቹ የወረሰውን የገበሬ ቤት ሳያፈርስ ፈቃድ አውጥቶ መጠጥ ቤት አደረገው።

ለዚህ ነው ዛሬ በፍሊስ የምናያቸው ሦስት ክፍሎች የፐብ ሳይሆን የቤት ስም የሚመስል ስም ያላቸው። የመጥመቂያ ክፍሉ በእርግጥ ቢራ የተጠመቀበት ነው፤ ጉድጓድ የሚሉት ትንሽ ክፍል ጓዳ ነበር፤ ሦስተኛው ደግሞ የፒውተር ክፍል ይባላል። ፒውተር ከቆርቆሮ የሚሠራ ለስላሳ ብረት ነው፤ ሳህኖቹ በድሮ የእንጨት ቁም ሣጥን ላይ ተደርድረዋል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሡን የተዋጋው የክሮምዌል ጦር ትቷቸው የሄደ ናቸው የሚል አፈ ታሪክም አለ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትሄዱ በመንደር ቤት ውስጥ የምትዘዋወሩ ይመስላችኋል፤ እውነትም እየተዘዋወራችሁ ነው።

ብዙዎቻችን ባንኮኒ የሌለበትን ፐብ ማሰብ አንችልም። ባንኮኒ ግን በገጠር እጅግ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። ጆሴፍ ብራማህ የተባለው መሐንዲስ በ1797 የባለቤትነት ማረጋገጫ ያወጣበት የእጅ ፓምፕ ቢራን ከምድር ቤት ስቦ ወደ ላይ ማውጣት ካስቻለ በኋላ፣ ፓምፑ የሚታሰርበት ጠንካራ ጠረጴዛ አስፈለገ፤ የለንደን የጂን ሱቆችም በዚያው ሰሞን እንደ ማንኛውም ሱቅ በረጅም ጠረጴዛ ማዶ መሸጥ ጀምረው ነበር። ከዚያ በፊት ቢራው የሚቀዳው ከበርሜሉ ነው፤ አሳላፊው በጆግ ይዞ እየመጣ በተቀመጣችሁበት ይሞላላችኋል። ዛሬም ባንኮኒ ሳይኖራቸው በትንሽ መስኮት ወይም በቁራጭ በር በኩል ብቻ የሚያስተናግዱ ጥቂት የገጠር ፐቦች ቀርተዋል። በእኔ አስተያየት ከማንኛውም የጠመመ እንጨት ይልቅ ሊጠበቁ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ያ መስኮት ባለቤቱ ገና በቤቱ እንዳለ፣ ደንበኛውም ገና እንግዳ እንደሆነ ያሳያል። ባንኮኒ ሲገባ ግንኙነቱ የሻጭና የገዢ ሆነ።

ባንኮኒው ከገባ በኋላ ግድግዳዎቹ አዲስ ሥራ ያዙ። ለሠራተኛው ባዶ ጣውላ ወለል ያለው ክፍል፣ ለተሻለ ኪስ ምንጣፍ የተነጠፈበትና ቢራው በጥቂት ሳንቲም የሚወደድበት ክፍል፣ ሳትታይ መጠጣት ለምትፈልግ ሴት በማያሳይ መስተዋት የተከለለች ጠባብ ክፍል፣ ማሰሮ ይዞ ለሚላክ ልጅ የመንገድ መስኮት። አራቱም የሚቀዱት ከአንድ በርሜል ነው። በሩ የኪሳችሁን መጠን ይናገር ነበር ብል አላጋነንሁም፤ ስለዚህ ቀድሞ የነበረውን ክፍልፍል ስናወድስ ያወደስነው ነገር ደስ የማይል ገጽ እንዳለውም ልንሸሽገው አይገባም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ እነዚህ ግድግዳዎች በሺህ በሚቆጠሩ ፐቦች ውስጥ ፈረሱ። የመደብ ልዩነቱ አስቀያሚ መስሎ ታየ፤ አንድ ክፍል ከአራት ይልቅ በጥቂት ሠራተኛ ይጠበቃል፤ ፈቃድ ሰጪዎቹም የቤቱን ጥግ ሁሉ ከባንኮኒው ማየት የሚያስችል አሠራር ይወዱ ነበር። እንጨቶቹ ግን አልተነኩም፤ እንዲያውም ልስኑ ተፍቆ እንዲታዩ ተደረጉ። ከላይ ስለ ባዶው ጉድጓድ እመለስበታለሁ ያልሁት ለዚህ ነው። በአግዳሚው ሆድ ላይ በረድፍ የተፈለፈሉ ባዶ ጉድጓዶች ስታዩ፣ አንድ ግድግዳ እዚያ ቆሞ እንደነበረና እንደፈረሰ ዕወቁ፤ የፈረሰው መቼም ይሁን መቼ፣ የቤቱ ዕቅድ በዚያ መስመር ላይ ተሰርዟል። ታሪካዊ ነው ብለን የምናደንቀው እንጨት የተወሰደብንን ነገር ጠባሳ ይዞ ተሰቅሏል።

የሕግ ጥበቃ አለ። ከ1947ቱ የከተማና የገጠር ዕቅድ ሕግ ወዲህ ታሪካዊ ሕንፃዎች በመዝገብ ይያዛሉ፤ ዛሬ የተመዘገበ ሕንፃ ያለ ፈቃድ አይፈርስም፣ ውስጡም አይለወጥም፤ የኖርተን ሴንት ፊሊፑ ጆርጅ በከፍተኛው ደረጃ ተመዝግቧል። ያልተመዘገበ ቤት ግን ዕጣው ሌላ ነው። በስታፎርድሻየር ሂምሊ አጠገብ ጠማማው ቤት በመባል የታወቀ ፐብ ነበር። በ1765 የገበሬ ቤት ሆኖ ተሠራ፣ በ1830 ገደማ ወደ መጠጥ ቤት ተለወጠ፤ ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ሲቆፈር መሬቱ ሰምጦ አንደኛው ወገን ከሌላው በ1.2 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ብይ አስቀምጠው ሽቅብ የምትንከባለል መስላ ስትታያቸው ይደነቁ ነበር። በኦገስት 2023 ከተሸጠ ከጥቂት ቀናት በኋላ በእሳት ተያያዘ፤ እሳቱ ከጠፋ በሁለት ቀን ውስጥ በቁፋሮ መኪና ተደመሰሰ። በፌብሩዋሪ 2024 የአካባቢው ምክር ቤት ቤቱ ከእሳቱ በፊት እንደነበረ ሆኖ እንዲሠራ አዘዘ። ጠማማነቱን ሆን ብሎ መገንባት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ለአናጢዎችና ለመሐንዲሶች እተወዋለሁ።

ፍሊስም በ2004 ተቃጥሏል። የሣር ክዳኑ በእሳት ተያይዞ የላይኛው ክፍል ክፉኛ ተጎዳ፤ የፒውተር ሳህኖቹ ግን ወጥተው ተረፉ፤ ቤቱም ተጠግኖ በሚቀጥለው ዓመት ተከፈተ። ጥገናው ምን ለመመለስ እንደሚሠራ ግልጽ ነበር፤ ምክንያቱም የቤቱ የመጨረሻ ወራሽ ሎላ ታፕሊን በ1977 ስትሞት ቤቱን ለናሽናል ትረስት፣ ቅርስ ለሚጠብቀው በጎ አድራጎት ማኅበር፣ ተናዛ ነበርና። ቤቱ ባለፈው መልኩ መጠጥ ቤት ሆኖ እንዲቀጥል ፈለገች፤ ሌላም አንድ ነገር አስጠነቀቀች፤ በቤቷ ውስጥ የድንች ቺፕስ እንዳይሸጥ። ብዙ ሰው ይህን እየሳቀ ያወራዋል። እኔ ግን ሴትዮዋ እንግዳ በመቀበል ላይ እንደነበረች ሆና ሞተች እላለሁ፤ በገዛ እልፍኟ ምን እንደሚቀርብ የምትወስነው እርሷ ነበረች።

ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።